ሞተሯ ሞቆ የቀረችው መርከብ

ከኖርፎክ ወደ ፖርትስመዝ የምታሻግረው ጀልባ የኤልሳቤጥን ወንዝ አቋርጣ እስክትደርስ ቡና እንኳ አይፈላም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ብስክሌት የያዙ ወጣቶች፣ አይስክሬም የሚልሱ ልጆች፣ ከመሃላቸው ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ አንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንት። ጋሼ የጀልባዋን የብረት አጥር ተደግፈው ወደ ደቡብ ያያሉ። በዚያ በኩል ወንዙ ጠበብ ይልና ክሬን በክሬን ይሆናል፤ ከክሬኖቹ ሥር ግራጫ የጦር መርከቦች ቆመዋል።

«ያ ነው?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ያ ነው።»

«ገንዳውም አለ?»

«አለ፤ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።»

ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ በኋላ ጀልባዋ ወደቡን እስክትነካ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ጋሼ የአባቴ ባልንጀራ ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ባለሙያ ነበሩ፤ ያገለገሉባትም መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። ይህች መርከብ ከዚያ በፊት «ኦርካ» የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል ቆይታ በ1962 ለአገራችን ተሰጠች። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለሠላሳ ዓመት ገደማ የእኛን ባንዲራ ስታውለበልብ ኖራ በ1991 ወደ የመን ሄደች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጋሼ ይህን የሰሙት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሆነው ነው። ሜሪማክ ስለምትባል የድሮ የአሜሪካ የጦር መርከብ ሳነብ ከርሜ አንድ እሑድ ቤታቸው ቡና ስንጠጣ ታሪኳን ጀመርኩላቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ስም የቀየረች መርከብ ታሪክ ለእኔ አይወራልኝም፤ ውሰደኝና አሳየኝ» አሉኝ። እንዲህ ነው የመጣነው።

ዓርብ ጧት ከአሌክሳንድሪያ ስንነሣ ገና አልነጋም ነበር። ከመንገዳችን ወጣ ብለን መጀመሪያ ወደ ዋሽንግተን ተሻገርን፤ አናኮስትያ ወንዝ ዳር ያለውን የባሕር ኃይል ግቢ ከውጭም ቢሆን ጋሼ እንዲያዩት ፈልጌ ነበር። በየቀኑ በታክሲም በአውቶቡስም በአጠገቡ የሚያልፈው ስንቱ ያገሬ ሰው ነው! በ1855 በዚህ ግቢ ውስጥ ሚኒሶታ የምትባል ግዙፍ የእንጨት መርከብ ተሠርታ ውኃ ገብታለች። ሚኒሶታ የሜሪማክ እኅት ናት። በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ተመልሳ ትመጣለች።

እኅት የምለው እንዲያው ለማሳመር አይደለም። በ1854 የአሜሪካ ምክር ቤት ፍሪጌት የሚባሉ ስድስት የእንፋሎት የጦር መርከቦች እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ስድስቱም በወንዝ ስም ተጠሩ፤ ሜሪማክ፣ ዋባሽ፣ ሚኒሶታ፣ ሮአኖክ፣ ኮሎራዶና ናያግራ። ሜሪማክ ቀዳሚዋ ነበረች። ንድፏን ያወጣው ጆን ሌንታል የሚባል የመርከብ መሐንዲስ ሲሆን፣ የተሠራችው ቦስተን አጠገብ ቻርልስታውን ባለው ግቢ ነው። በ1855 ሰኔ ውኃ ገባች፤ በ1856 ፌብሩዋሪ አገልግሎት ጀመረች። ርዝመቷ 84 ሜትር፣ መድፎቿ 40። መድፎቹ እንደ ድሮው ድፍን ኳስ ብቻ የሚወረውሩ አልነበሩም፤ ውስጡ ባሩድ የታጨቀ፣ እንጨት ውስጥ ገብቶ የሚፈነዳ ጥይት ይተኩሱ ነበር። ሳውዝሃምፕተን ወደብ በገባች ጊዜ እንግሊዞች አይተዋት ዝም አላሉም፤ ይህችን የምትመጥን መርከብ ያስፈልገናል ብለው መርሲንና ኦርላንዶን ሠሩ።

ታዲያ በሁለት ዘመን መካከል የተወለደች መርከብ ነበረች። ሦስት ደቀሎች አሏት፤ ሙሉ ሸራ ትሸከማለች፤ ረጅሙን መንገድ የምትሄደው በነፋስ ነው። ሞተሩ የሚነሣው ነፋስ ሲጠፋ፣ ወደብ ሲገባና ሲወጣ፣ ወይም ውጊያ ላይ ብቻ ነው። ሸራው ሲዘረጋ ፕሮፔለሩ መጎተት እንዳይሆንባት በሰንሰለት ከውኃው ወደ ላይ ይሳባል፤ የጭስ ማውጫውም ዝቅ ይደረጋል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው መኪና ውስጥ ሳቁ። «እንግዲያው ሞተሩን የእንጀራ ልጅ አድርገውት ነበር በለኛ» አሉ። ልክ ነው። በባሕር ኃይሉ ውስጥ በሸራ ያደጉት መኮንኖች የእንፋሎትን ነገር እንደ ጥቀርሻ ሥራ ነበር የሚቆጥሩት። የሜሪማክ ሞተር ደግሞ ደካማና በየጊዜው የሚበላሽ ሆነ። እንዲያም ሆኖ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ኬፕ ሆርንን ዞራ የፓስፊክ ጓድ ዋና መርከብ ሆነች፤ ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ቆየች። በ1860 መጀመሪያ ላይ ሞተሯ ደክሞ ወደ ኖርፎክ ተመለሰች።

እንደ ፍሪጌት የኖረችው ኑሮ ይህ ብቻ ነው። ዛሬ ስሟ የሚነሣው ግን ስለዚህ አይደለም፤ ከሞተች በኋላ በሬሳዋ ላይ ስለተሠራው ነገር ነው። እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ኒውፖርት ኒውስ የደረስነው ከቀኑ አምስት ሰዓት አካባቢ ነው። የማሪነርስ ሙዚየም በዛፍ መካከል ያለ ሰፊ ግቢ ነው። ከውጭ የሞኒተር ሙሉ መጠን ቅጂ ተሠርቶ ቆሟል፤ ሰው ይወጣበታል። ከውስጥ ደግሞ እውነተኛው የሞኒተር የመድፍ ማማ አለ። ሞኒተር በ1862፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ደቡቦቹ የሜሪማክን ቀፎ ወደ ብረት መርከብ ሲለውጡ የሰሜኑ መንግሥት ተሽቀዳድሞ ያሠራት ትንሽ የብረት መርከብ ናት፤ መሐንዲሷ ስዊድን የተወለደው ጆን ኤሪክሰን ነው። ከውኃ በላይ የሚታየው ዝርግ ጀርባዋና ሁለት መድፍ የያዘ፣ በእንፋሎት የሚሽከረከር ክብ የብረት ማማ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ሌሊት ኬፕ ሃተራስ አጠገብ በማዕበል ሰጠመች፤ 16 ሰው አብሯት ሄደ። በ1973 ያለችበት ተገኘ፤ በ2002 ማማው ከባሕር ወጣ።

ማማውና ሞተሯ ያሉት በትልልቅ የኬሚካል ውኃ ገንዳዎች ውስጥ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ብረቱ ውስጥ የሰረገውን ጨው በቀስታ የኤሌክትሪክ ኃይል እየመጠጡ ያወጡታል፤ የዓመታት ሥራ ነው። ጋሼ መስኮቱ ላይ ግንባራቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ማማው ውስጥ የሁለት መርከበኞች አፅም ተገኝቶ በ2013 አርሊንግተን መካነ መቃብር እንደተቀበሩ ነገርኳቸው። አርሊንግተን ከቤታቸው ሩቅ አይደለም።

«እንሄድላቸዋለን» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፦ «ያንተዋ መርከብስ? የሷ ገንዳ የታለ?»

የላትም። የእሷ ዕቃ በየቦታው የተበተነ ፍርፋሪ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ብረት ፈላጊዎች ከወንዙ ሥር እየቆራረጡ አወጧት፤ ከእንጨቷ የእጅ ዘንግ እየተሠራ ለማስታወሻ ተሸጧል። ጠላቷ እንደ ሕመምተኛ እየታጠበች ስትታከም፣ እሷ የሰው ምርኩዝ ሆና ቀርታለች። ይህን ሳስብ ለምን ቅር እንዳለኝ ለራሴም ለማስረዳት ይቸግረኛል፤ ግን ቅር ብሎኛል።

ከሙዚየሙ ወጥተን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረድን። በከተማው ደቡብ በኩል የሞኒተርና የሜሪማክ መመልከቻ የተባለ ትንሽ መናፈሻ አለ። ከፊት ለፊት ሃምፕተን ሮድስ ተዘርግቷል፤ ጄምስ፣ ኤልሳቤጥና ናንሰመንድ ወንዞች ወደ ባሕር ከመግባታቸው በፊት የሚገናኙበት ሰፊ ውኃ ነው። በስተቀኝ የድንጋይ ከሰል የሚጫንባቸው ወደቦች ይታያሉ። ከባሕር ሥርና ከባሕር በላይ የሚያልፈው ረጅሙ ድልድይም በሁለቱ መርከቦች ስም ተጠርቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጥቀስ። ደቡቦቹ መርከቧን ከውኃ አውጥተው ብረት ካለበሷት በኋላ «ቨርጂኒያ» ብለው ሰየሟት፤ የተዋጋችውም በዚያ ስም ነው። ግን ከዚያ ወዲህ በቨርጂኒያ ምድር ሳይቀር ድልድዩም መናፈሻውም ሜሪማክ ነው የሚለው። የመጀመሪያ ስም አይለቅም።

ማርች 8 ቀን 1862፣ ቅዳሜ። ከኤልሳቤጥ ወንዝ አፍ አንድ የቤት ጣራ የመሰለ ጥቁር ነገር እየተንፏቀቀ ወጣ። ሦስቱ ደቀሎች የሉም፤ ሸራ የለም፤ በእነሱ ፋንታ ግድግዳው ዘንበል ያለ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የኦክና የጥድ እንጨት ላይ ሁለት ድርብ ብረት የለበሰ ቤት ተደፍቶባታል። ከአፍንጫዋ ሥር የብረት ቀንድ አለ። መድፎቿ 10 ብቻ። ሞተሩ ግን ያው ነው። አይረባም የተባለው፣ ከዚያም ጨው ውኃ ውስጥ ከርሞ የወጣው፣ ያው የድሮው ሞተር። ዋና መሐንዲሱ አሽተን ራምዚም ድሮ በፍሪጌትነቷ ዘመን በዚያው ሞተር ላይ የሠራ ሰው ነው፤ አመሏን ያውቅ ነበር። ለመዞር ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባት ነበር።

አሁን በቆምንበት ዳርቻ ፊት ለፊት ከምበርላንድና ኮንግረስ የሚባሉ ሁለት የሸራ የጦር መርከቦች መልሕቅ ጥለው ነበር። ሞተር የላቸውም። ከምበርላንድን በቀንዷ ወጋቻት፤ ቀንዱም ተሰብሮ እዚያው ቀረ። የከምበርላንድ ተኳሾች ውኃ እስኪውጣቸው ድረስ መተኮሳቸውን አላቆሙም፤ ከ120 በላይ ሰው ሞተ። ቀጥላ ኮንግረስን አቃጠለቻት። የሜሪማክ አዛዥ ፍራንክሊን ቡካናን ነበር፤ ወንድሙ ኮንግረስ ላይ የደመወዝ ከፋይ መኮንን ሆኖ ያገለግል ነበር። ኮንግረስ እሳት ስትበላት ቆይታ እኩለ ሌሊት ላይ ባሩዷ ፈነዳ። ያ ቀን ከፐርል ሃርበር በፊት በአሜሪካ ባሕር ኃይል ላይ ከደረሱት ሽንፈቶች የከፋው እንደሆነ ይነገራል።

የዚያን ዕለት የሚኒሶታ ነገር ነው እኔን የሚያሳዝነኝ። ሚኒሶታ ለመርዳት ስትሮጥ በአሸዋ ደለል ላይ ተቀርቅራ ቀረች። በአንድ ዓመት ውስጥ ውኃ የገቡ፣ አንድ ንድፍ ያላቸው፣ በአንድ ውሳኔ የተሠሩ ሁለት መርከቦች፤ አንዷ ታስራ ሌላዋ ትተኩስባታለች። ውኃው ሲጎድል ሜሪማክ ለመቅረብ አልቻለችምና «ነገ እጨርሳታለሁ» በሚል ወደ ማደሪያዋ ተመለሰች። ሌሊቱን ሞኒተር ደረሰች። በነጋታው እሑድ ሁለቱ የብረት መርከቦች አራት ሰዓት ያህል ተጠጋግተው ተደባደቡ፤ አንዷም ሌላዋን አልበሳችም። የጦር መርከብ ከእንጨት የሚሠራበት ዘመን በዚያ እሑድ አበቃ ይባላል። ሚኒሶታ ተረፈች። እስከ 1901 ኖራ ለሽያጭ ወጣች፤ የገዟት ሰዎች ሜይን ግዛት ወስደው ብረቷን ለማውጣት አቃጠሏት።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ባሕሩን እያዩ ነበር። «ውጊያውን ተወው» አሉ በመጨረሻ። «ውጊያውንማ ሁሉም ይጽፈዋል። ሞተሩ አይረባም ከተባለ በኋላ ማን አስነሣው?»

ለዚህ ነበር ፖርትስመዝ መሄድ ያስፈለገው።

ቅዳሜ ጧት ወደዚያ ከመሻገራችን በፊት ፎርት ሞንሮ ቆምን። ሰፊ የድንጋይ ምሽግ ነው፤ በውኃ ቦይ የተከበበ። በ1619 በባርነት የተያዙ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን የእንግሊዞች ቨርጂኒያ የደረሱት በዚህ በፖይንት ከምፎርት ዳርቻ ነው። ምሽጉ በጦርነቱ ጊዜ ሁሉ ከሰሜኑ መንግሥት እጅ አልወጣም። ሜይ 23 ቀን 1861 ሌሊት ሦስት ሰዎች፣ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጀምስ ታውንሰንድ፣ ከማዶ ከሱዌልስ ፖይንት በጀልባ ቀዝፈው እዚህ ገቡ። ጌታቸው የደቡብ ኮሎኔል ነበር፤ የመድፍ ምሽግ ሲያስቆፍራቸው ከርሟል። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር አልመልሳቸውም አለ። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተከተሏቸው።

ቀኑን ልብ ብዬ ያየሁት እዚያው ቆሜ ነው። ሦስቱ ሰዎች በቀዘፉ በሳምንቱ፣ ሜይ 30፣ ማዶ ያሉት ሰዎች የሜሪማክን የተቃጠለ ቀፎ ከወንዙ ሥር አወጡት። በአንድ ሳምንት ውስጥ በዚሁ ውኃ ላይ ያው ወገን ሰው አመለጠው፣ መርከብ አወጣ ማለት ነው። ብረቱ የመጣው ሪችመንድ ከሚገኘው ከትሬድጋር ፋብሪካ ነው፤ እዚያ ከሚሠሩት መካከል በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። በ1862 ሜይ ደግሞ ሳያ ካርተር የሚባል ከእርሻ ያመለጠ ወጣት በትንሽ ጀልባ ቀዝፎ ሞኒተር ጋ ደረሰና መርከበኛ ሆኖ ተቀጠረ። መርከቧ ስትሰጥምም ነበረ፤ ተርፏል። የውጊያውን ሥዕል በየግድግዳው ስናይ እነዚህ ሰዎች የሉበትም።

ፖርትስመዝ ጎዳናው ጸጥ ያለ፣ የድሮ ቤቶች ያሉት ከተማ ነው። ከጀልባዋ ወርደን በወንዙ ዳር ትንሽ ሄድንና አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የጥገና ግቢው ለጎብኚ ክፍት አይደለም፤ ስለዚህ ገንዳውን በዓይናችን አላየነውም። ከአጥሩ ወዲያ እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው። ቁጥር 1 ደረቅ ገንዳ ይባላል። በ1833 ተከፈተ፤ ከግራናይት ድንጋይ ነው የተገነባው። መርከቧ ውኃው ውስጥ እንዳለች ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል፤ ውኃው ይመጠጥና መርከቧ ደረቅ ላይ በእንጨት ድጋፍ ትቆማለች። ድንጋዩን ከጠረቡት መካከል ጌቶቻቸው ለቀን ሥራ ያከራዩአቸው በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ደመወዛቸው የሚሄደው ለጌቶቻቸው ነው። ጆርጅ ቲሞ የሚባል በዚህ ግቢ በባርነት የሠራ ሰው የሕይወት ታሪኩን ጽፏል፤ ኋላ ነፃ ወጥቶ በቨርጂኒያ ግዛት ምክር ቤት ሴናተር ሆኗል።

«እሺ፣ ሞተሩን ንገረኝ» አሉ ጋሼ።

ነገርኳቸው። ሜሪማክ እዚህ ከገባች በኋላ መድፎቿ ወርደው ጥገና እየጠበቀች አሥራ አራት ወር ቆማለች። በ1861 ኤፕሪል አገሪቱ መሰንጠቅ ጀምራለች፤ ቨርጂኒያ ግን ገና አልለየላትም። በዋሽንግተን የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ጊዲዮን ዌልስ ለግቢው አዛዥ ለኮሞዶር ቻርልስ ማኮሊ በኤፕሪል 10 ጻፈ፤ መርከቧን ለጉዞ አዘጋጅ፣ ነገር ግን የአካባቢውን ሰው ያለምክንያት አታስደንግጥ። ማኮሊ ከልጅነቱ ጀምሮ በባሕር ኃይል የኖረ፣ 68 ዓመት የሞላው ሰው ነበር። በዙሪያው ካሉት መኮንኖች ብዙዎቹ ደቡቦች ነበሩ። ሞተሩን ለመጠገን አንድ ወር ይፈጃል ብሎ መለሰ።

ዌልስ የባሕር ኃይሉን ዋና መሐንዲስ ቤንጃሚን አይሸርዉድን ላከ። አይሸርዉድ እሑድ ኤፕሪል 14 ደረሰ። ሞተሩ ተፈታትቶ ነበር። ሰኞ ሥራ አስጀመረ፤ ሠራተኛውን በፈረቃ ከፍሎ ቀንና ሌሊት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተጠናቀቀ። በዚያው ዕለት ቨርጂኒያ ከኅብረቱ ለመውጣት ወሰነች።

ጋሼ እጃቸውን አነሡና አስቆሙኝ። «ተፈታትቶ የነበረ ሞተር? በሦስት ቀን?»

«በሦስት ቀን።»

«እንግዲያው አልተኙም።» ትንሽ ዝም አሉ። «ዲዝል ቀላል ነው። አየር ትለቅበታለህ፣ ይነሣል። እንፋሎት እንዲህ አይደለም። ሌሊቱን ታነድዳለህ። ውኃው መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ቧንቧው መንጫጫት ይጀምራል፤ ብረቱ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ድምፅ ያሰማል። መርከቧ ነፍስ ስትዘራ በእግርህ ጫማ በኩል ትሰማዋለህ። እሺ፣ ቀጥል።»

ረቡዕ ከሰል አቃጣጮች ተቀጥረው ሐሙስ ማለዳ እሳቱ ተለኮሰ። በዚያው ጧት አይሸርዉድ ኮሞዶሩ ፊት ቀርቦ ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ገመዱ ይፈታ አለ። ማኮሊ ገና አልወሰንኩም አለው። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ መርከቧ አትሄድም፣ እሳቱን አውጡ ተባለ። የቨርጂኒያ ሰዎች የወንዙን መውጫ መርከብ እያሰጠሙ ሊዘጉት ነው የሚል ወሬ ነበር፤ በዚያ ላይ የባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንቱ ማሆን ባዶ ባቡር እያመላለሰ፣ ፊሽካ እያስነፋ፣ ብዙ ጦር የገባ አስመስሎ ኮሞዶሩን አስፈራራው እየተባለ በዚህ ከተማ ይተረካል። አይሸርዉድ የዚያኑ ዕለት ማታ ግቢውን ለቆ ሄደ።

ጋሼ የጠየቁኝ ግን ስለ ማኮሊ አልነበረም። «እሳቱን ያወጡት ያው ያቀጣጠሉት ሰዎች ናቸው?»

«ሌላ ማን ይኖራል?»

በእጃቸው ጉልበታቸውን ቀስ እያደረጉ መቱ። እሳት ማውጣት ማለት የነደደውን ከሰል ከምድጃው በረጅም የብረት መጎተቻ ስቦ ማውጣትና ማጥፋት ነው። ከማለዳ ጀምሮ ያለሙትን በገዛ እጃቸው አፈረሱት።

እኔ በማኮሊ ላይ ለመፍረድ ከጉዞው በፊት ቸኩዬ ነበር፤ ብዙዎቹ መጻሕፍትም ፈሪና ደካማ ያደርጉታል። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስናወራ ግን ያ የዌልስ ደብዳቤ ይመላለስብኝ ጀመር። አዘጋጅ፣ ግን አታስደንግጥ። የጦር መርከብ ጭስ ሳታወጣ ማን ያዘጋጃታል? ሁለት ነገር በአንድ ወረቀት ላይ አዝዘው ለሽማግሌ ሰው ላኩት። ጥፋቱ የእሱም ነው፤ የላኪዎቹም ነው። አይሸርዉድ ትእዛዙን ጥሶ ገመዱን መቁረጥ ነበረበት የሚሉም አሉ። ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ሞተር ክፍል ያለ ሰው መርከብ አይነዳም» አሉ። «አንድ ልምምድ ላይ ሞተር አሙቀን ስድስት ሰዓት ቆመናል። ላብ በላብ ሆነን። ከላይ ምን እንደሚባል እኛ አናውቅም። ጆሮህ ደወሉ ላይ ነው። ደወሉ ካልደወለ አልደወለም።»

ከሁለት ቀን በኋላ ቅዳሜ ኤፕሪል 20 ማኮሊ በግቢው ያሉት መርከቦች እንዲሰጥሙ አዘዘ። ማታ ላይ ፖኒ የምትባል መርከብ ርዳታ ይዛ ስትደርስ ሜሪማክ ቀድሞውኑ ውኃ እየሞላት ነበር። ስለዚህ የመጡት ሰዎች የቀረውን በእሳት ለቀቁት። ሜሪማክ እስከ ውኃው ልክ ድረስ ነደደችና ከሥር ተቀመጠች። ከእሳቱ ተጎትታ የወጣችው አንዷ መርከብ ከምበርላንድ ናት፤ በዓመቱ ሜሪማክ የወጋቻት ያችው ከምበርላንድ። ደረቁን ገንዳ ለማፍረስም ባሩድ ቀብረውበት ነበር፤ አልፈነዳም። ቢፈነዳ ኖሮ ቀፎውን የሚያስገቡበት ቦታ አይኖርም ነበር። ደቡቦቹ ከአንድ ሺህ በላይ መድፍ፣ ገንዳውንና ከወገቧ በታች ያልተቃጠለችውን መርከብ አገኙ። ቀፎዋን ከወንዙ አውጥተው ሲያዩት ሞተሩ እዚያው ቦታው ላይ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች በሦስት ቀን የገጣጠሙት።

ቀሪው አጭር ነው። በ1862 ሜይ ደቡቦቹ ኖርፎክን ሲለቁ መርከቧ ወደ ሪችመንድ እንድትወጣ ወንዙ ለእሷ የሚበቃ ጥልቀት አልነበረውም። ሜይ 11 ሊነጋጋ ሲል የራሷ ሰዎች ክሬኒ ደሴት አጠገብ አቃጠሏት። ሁለት ጊዜ ተቃጠለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ያቃጠሏት ባለቤቶቿ ናቸው።

ጋሼ ተነሡ። «ኢትዮጵያ የመን ስትሄድ ሞተሯ በደኅና ሠርቷል ብለውኛል» አሉ ድንገት። «አንድ የማውቀው ልጅ አብሯት ሄዶ ነበር። በመንገድ ላይ አንድም ጊዜ አልቆመችም ብሎ ነግሮኛል።» ከዚያ በላይ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ወደ ኖርፎክ የምትመልሰን ጀልባ ወደቡ ላይ ነበረች። ተሳፈርን። ሞተሯ ተነሥቶ ወለሉ ይንዘረዘራል፤ ግን አንዲት እናት የልጅ ጋሪ እየገፋች በመድረኩ ላይ ስትመጣ አይተው ሊጠብቋት ቆሙ። ጋሼ አልተቀመጡም። የግራ እግራቸውን ጫማ አጥብቀው ወለሉ ላይ አሳርፈው አንገታቸውን ዘንበል አድርገዋል። ሴትየዋ ገባች። ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታ፤ በእኛና በወደቡ መካከል ያለው ውኃ እየሰፋ ሄደ።

«ሂጂ» አሉ ጋሼ በቀስታ፣ በአማርኛ።